ለረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት ተተኪ ካምሻፍት አመራረጥ፦ የመሳቢያ ቫልቭ መዝጊያ ማዕዘን ለምን ይቀድማል?

አኅጽሮተ ጥናት

ተተኪ ካምሻፍት የሚፈልግ የሞተር ብስክሌት ባለቤት ካታሎግ ሲያገላብጥ በቅድሚያ ዓይኑን የሚስቡት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ የቫልቭ መክፈቻ ከፍታና ከፍተኛው የፈረስ ጉልበት። ይህ አጭር ጽሑፍ ለረጅም ጉዞ በተሠራ ከባድ ሞተር ብስክሌት ላይ መቅደም ያለበት ሌላ ቁጥር መሆኑን ያሳያል፤ እርሱም የመሳቢያ ቫልቭ የሚዘጋበት ማዕዘን ነው። ለማሳያ የተወሰደው ትዊን ካም የተባለው የሃርሊ ዴቪድሰን ሞተር ሲሆን፣ የመዝጊያው ማዕዘን በ20 ዲግሪ ሲዘገይ ውጤታማው የማመቅ ምጥጥን ምን ያህል እንደሚወርድ በቀላል የጂኦሜትሪ ስሌት ተመልክቷል። ከዚያም ስሌቱ ከመንገድ ሁኔታ፣ ከቦታ ከፍታ፣ ከነዳጅ ጥራትና ከሌሎቹ የሞተር ክፍሎች ጋር ተያይዞ ተብራርቷል። በመጨረሻም ለገዢው የሚያገለግል የምርጫ ቅደም ተከተል ቀርቧል።

ቁልፍ ቃላት፦ ካምሻፍት፣ የመዝጊያ ማዕዘን፣ የማመቅ ምጥጥን፣ ቶርክ፣ የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት

1. መግቢያ

ካምሻፍት የአንድን ሞተር ትንፋሽ የሚወስን አካል ነው። ቫልቮቹ መቼ ተከፍተው መቼ እንደሚዘጉ፣ ምን ያህል ከፍ እንደሚሉና ለምን ያህል ጊዜ ክፍት ሆነው እንደሚቆዩ የሚታዘዙት በእርሱ ላይ በተቀረጹት ጉብታዎች ነው። ስለዚህ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ሳይነኩ ካምሻፍቱ ብቻ ቢለወጥ የሞተሩ ጠባይ ይለወጣል። ጉልበቱ ወደ ዝቅተኛው ወይም ወደ ከፍተኛው የዙር ክልል ያዘነብላል፤ የነዳጅ ፍጆታው፣ ሙቀቱና ድምፁም አብረው ይለወጣሉ።

ጥያቄው ለባለቤቱ ቀላል አይደለም። የካምሻፍት ለውጥ የዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሥራ ዋጋ፣ የጋስኬት፣ የኩሽኔታና የኮምፒዩተር ቅኝት ወጪ አለበት። ምርጫው ከተሳሳተ ደግሞ ስህተቱ የሚታወቀው ሁሉም ነገር ተገጥሞ ካበቃ በኋላ፣ ምናልባትም ከኋላ ሰው ጭኖ ዳገት ላይ የጭነት መኪና ለመቅደም በሚሞከርበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት የጎደለውን ጉልበት በካታሎግ ላይ የታተመው ከፍተኛ ቁጥር አይተካውም።

ጽሑፉ ማሳያውን ከትዊን ካም ሞተር የወሰደው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2016 የሞዴል ዓመት ድረስ በኩባንያው የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ያገለገለ በመሆኑ፣ ብዙዎቹ አሁን የካም ክፍላቸው ተከፍቶ የሚታደስበት ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። ሁለተኛ፣ የካም ክፍሉ በሞተሩ ቀኝ ጎን በክዳን ተሸፍኖ የሚገኝ ስለሆነ፣ ሞተሩ ከሻንሲው ሳይወርድ ካምሻፍቶቹን መለወጥ ይቻላል። ይህ ቅለት ነው ለውጡን የተለመደ ያደረገው፤ በዚያው ልክ ያልታሰበበት ግዢንም ይጋብዛል።

2. ሞተሩና የካም ክፍሉ

ትዊን ካም ሁለቱ ሲሊንደሮቹ በ45 ዲግሪ የተከፈቱ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ባለአራት ምት ሞተር ነው። ስሙ የመጣው ከሁለት ካምሻፍቶቹ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ኢቮሉሽን የተባለው ሞተር አራቱንም ጉብታዎች በአንድ ካምሻፍት ላይ ይይዝ ነበር። በትዊን ካም ግን አንዱ ካምሻፍት የፊተኛውን፣ ሌላው የኋለኛውን ሲሊንደር ቫልቮች ያዛል። በ2017 የሞዴል ዓመት ቦታውን የተረከበው ሚልዋኪ ኤይት ተመልሶ ወደ አንድ ካምሻፍት የመጣ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት ቫልቮች አሉት። ስለዚህ የአንዱ ሞተር ካምሻፍት ለሌላው አይሆንም፤ ገዢው አስቀድሞ የሞተሩን ዓይነትና የሞዴሉን ዓመት ማረጋገጥ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ትዊን ካም 88 ኩቢክ ኢንች ወይም 1,450 ሲሲ ገደማ ይዘት ነበረው። በ2007 የፒስተኑ ምት ረዝሞ 96 ኩቢክ ኢንች ሆነ። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ በአብዛኛዎቹ የረጅም ጉዞ ሞዴሎች ላይ 103 ኩቢክ ኢንች ወይም 1,690 ሲሲ ያለው ተተካ። የዚህ የመጨረሻው ሲሊንደር ስፋት 98.4 ሚ.ሜ.፣ የፒስተኑ ምት 111.1 ሚ.ሜ. ነው። እንዲህ ያለ ረጅም ምት ያለው ሞተር በተፈጥሮው ለከፍተኛ ዙር አልተሠራም፤ የዙር ገደቡ በደቂቃ ከ5,500 ብዙም አይዘልም።

የጉብታው እንቅስቃሴ ወደ ቫልቩ የሚደርሰው በሃይድሮሊክ ታፔት፣ በመግፊያ ዘንግና በሮከር በኩል ነው። ሮከሩ የጉብታውን ከፍታ ከ1.6 እጥፍ በጥቂት በሚበልጥ መጠን ያባዛዋል። በዚህ መሠረት 8 ሚ.ሜ. ከፍታ ያለው ጉብታ ቫልቩን ወደ 13 ሚ.ሜ. ገደማ ይከፍተዋል። ሁለት ካታሎጎችን የሚያነጻጽር ሰው አንዱ የጉብታውን፣ ሌላው የቫልቩን ከፍታ ጽፎ እንደሆነ ማስተዋል ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

3. የካታሎጉ ቁጥሮች ትርጉም

በባለአራት ምት ሞተር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ሲዞር ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ይዞራል። በካታሎግ የሚሰጡት ማዕዘኖች ሁሉ ግን በክራንክሻፍት ዲግሪ የተለኩ ናቸው። አራቱ መሠረታዊ ቁጥሮች የመሳቢያው ቫልቭ መክፈቻና መዝጊያ፣ እንዲሁም የማስወጫው ቫልቭ መክፈቻና መዝጊያ ናቸው። የቀሩት ቁጥሮች፣ ከከፍታው በስተቀር፣ ከእነዚህ ከአራቱ የሚሰሉ ናቸው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የመሳቢያው ቫልቭ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ ከመድረሱ 10 ዲግሪ ቀድሞ ተከፍቶ፣ የታችኛውን ጫፍ ካለፈ 30 ዲግሪ በኋላ ቢዘጋ፣ የክፍት ቆይታው 10 ሲደመር 180 ሲደመር 30፣ ማለትም 220 ዲግሪ ይሆናል። የማስወጫው ቫልቭ ከላይኛው ጫፍ 5 ዲግሪ አልፎ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ቫልቮች በአንድነት ክፍት የሚሆኑበት መደራረብ 10 ሲደመር 5፣ ማለትም 15 ዲግሪ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የአለካክ ጉዳይ አለ። የጉብታው ትከሻ ቀስ በቀስ ስለሚነሳና ቀስ በቀስ ስለሚወርድ፣ ቫልቩ መቼ ተከፈተ፣ መቼ ተዘጋ የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ነጥብ ይፈልጋል። ለሃርሊ ሞተሮች ካምሻፍት የሚያቀርቡ አምራቾች ልማድ ታፔቱ 0.053 ኢንች ወይም 1.35 ሚ.ሜ. ሲነሳ መለካት ነው፤ በመኪና ካምሻፍቶች ዘንድ ደግሞ 0.050 ኢንች የተለመደ ነው። በሌላ ከፍታ ላይ የተለካ ካምሻፍት ጉብታው ሳይለወጥ ቁጥሩ ብቻ ሊገዝፍ ወይም ሊያንስ ይችላል። መለኪያው ያልተገለጸበትን ቁጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸር የተለያየ መስፈሪያ ባላቸው ሁለት ነጋዴዎች እህል ላይ ዋጋ እንደማወዳደር ነው።

4. የመዝጊያው ማዕዘን ለምን ይቀድማል?

ፒስተኑ የታችኛውን ጫፍ ካለፈ በኋላ ወደ ላይ መውጣት ቢጀምርም፣ የመሳቢያው ቫልቭ ወዲያው አይዘጋም። ምክንያቱም በመሳቢያው ቧንቧ ውስጥ በፍጥነት የሚመጣው አየር ግስጋሴ ስላለው፣ ፒስተኑ ከተመለሰ በኋላም ለጥቂት ጊዜ መግባቱን ይቀጥላል። ዙሩ ከፍ ባለ ቁጥር ግስጋሴው ስለሚበረታ፣ ዘግይቶ የሚዘጋ ቫልቭ ተጨማሪ አየር ያስገኛል። ዙሩ ዝቅ ሲል ግን ግስጋሴው ደካማ ነው። ያን ጊዜ ወደ ላይ የሚወጣው ፒስተን የሳበውን አየርና ነዳጅ ገና ባልተዘጋው ቫልቭ በኩል መልሶ ይገፋዋል። እውነተኛው የማመቅ ሥራ የሚጀምረው ቫልቩ ከተዘጋ በኋላ በመሆኑ፣ የመዘግየቱ ዋጋ በማመቅ ምጥጥኑ ላይ ይቆጠራል።

ይህን በቁጥር ለማየት የ103 ኩቢክ ኢንቹን ሞተር መጠኖች እንጠቀም። የአንዱ ሲሊንደር ምት ይዘት 844.9 ሲሲ ነው። በወረቀት ላይ ያለው የማመቅ ምጥጥን 9.6 ለ 1 ነው ብንል፣ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ ሲሆን የሚቀረው ክፍተት 98.2 ሲሲ ይሆናል። የማገናኛ ዘንጉን ርዝመት 195 ሚ.ሜ. አድርገን፣ በመዝጊያ ማዕዘናቸው ብቻ የሚለያዩ ሦስት ምናባዊ ካምሻፍቶችን ብናሰላ የሚከተለው ውጤት ይገኛል።

ሠንጠረዥ 1፦ የመዝጊያ ማዕዘንና ውጤታማው የማመቅ ምጥጥን

ካምሻፍት ሀ፦ መዝጊያ 30 ዲግሪ፤ ለማመቅ የሚቀረው ምት 105.6 ሚ.ሜ.፤ ውጤታማ ምጥጥን 9.2 ለ 1
ካምሻፍት ለ፦ መዝጊያ 40 ዲግሪ፤ ለማመቅ የሚቀረው ምት 101.4 ሚ.ሜ.፤ ውጤታማ ምጥጥን 8.8 ለ 1
ካምሻፍት ሐ፦ መዝጊያ 50 ዲግሪ፤ ለማመቅ የሚቀረው ምት 96.0 ሚ.ሜ.፤ ውጤታማ ምጥጥን 8.4 ለ 1

ከሀ ወደ ሐ ስንሄድ ለማመቅ የሚቀረው ምት በ9 በመቶ ገደማ ያጥራል። በዝቅተኛ ዙር፣ የአየሩ ግስጋሴ ሊክሰው በማይችልበት ክልል፣ ሲሊንደሩ የሚይዘው ትኩስ አየርና ነዳጅም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስሌቱ ቫልቩ በተጻፈው ዲግሪ ላይ ሙሉ በሙሉ እንደሚዘጋ ስለሚገምት፣ ቁጥሮቹ ለማነጻጸር እንጂ እንደ ፍጹም ልክ መወሰድ የለባቸውም። የለውጡ አቅጣጫና መጠን ግን ግልጽ ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ድምዳሜ ይከተላል። ካምሻፍት ሐ መጥፎ ካምሻፍት አይደለም፤ ሌላ ሞተር የሚፈልግ ካምሻፍት ነው። በእርሱ ላይ የ9.2 ለ 1 ውጤታማ ምጥጥን መልሶ ለማግኘት የወረቀቱ ምጥጥን ከ9.6 ወደ 10.5 ገደማ ከፍ ማለት አለበት። ይህም የፒስተን ለውጥ፣ የቴስታታ መላግ ወይም ቀጭን ጋስኬት ይጠይቃል። በተቃራኒው ምጥጥኑ አስቀድሞ ወደ 10.5 ከፍ በተደረገ ሞተር ላይ ካምሻፍት ሀ ቢገጠም ውጤታማው ምጥጥን 10.0 ለ 1 ይደርሳል። በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ይህ በሞቃት ቀንና በከባድ ጭነት የማንኳኳት አደጋ የሚጋብዝ ነው። እንግዲህ ካምሻፍትና የማመቅ ምጥጥን ተለያይተው የሚመረጡ አይደሉም።

5. ጉልበቱ የት ይፈለጋል?

ከ2007 ወዲህ የተሠሩት የረጅም ጉዞ ሞዴሎች ባለስድስት ማርሽ ናቸው። በስድስተኛው ማርሽ በሰዓት 100 ወይም 110 ኪ.ሜ. ሲጓዙ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ2,500 ብዙም አይርቅም። በዚህ ዙር 220 ዲግሪ የክፍት ቆይታ ያለው ቫልቭ ወደ 15 ሚሊ ሰከንድ ያህል ክፍት ይሆናል፤ በ5,000 ዙር ግን የሚያገኘው ጊዜ የዚህ ግማሽ ነው። ለከፍተኛ ዙር የሚሠሩ ካምሻፍቶች ቆይታቸው የሚረዝመው ይህን የጊዜ እጥረት ለማካካስ ነው። ጋላቢው አብዛኛውን መንገድ የሚጓዘው ከ2,000 እስከ 3,500 ባለው ክልል ከሆነ፣ በሌለ እጥረት ላይ ማካካሻ መግዛቱ ነው።

የዚህን ክብደት በአንድ ቀላል ምሳሌ እንመልከት። ሁለት ሰውና ሻንጣ የጫነ የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት በድምሩ 550 ኪ.ግ. ቢመዝን፣ 6 በመቶ ዳገት ላይ በሰዓት 90 ኪ.ሜ. ለመውጣት ለዳገቱ ብቻ 8.1 ኪሎ ዋት ያስፈልገዋል፤ የነፋስና የጎማ መከላከል በዚህ ላይ ይጨመራል። ሞተሩ በ2,500 ዙር 110 ኒውተን ሜትር ቶርክ ቢሰጥ ጉልበቱ 28.8 ኪሎ ዋት ይሆናል። ቶርኩ በ9 በመቶ ወርዶ 100 ቢሆን 26.2 ኪሎ ዋት ይቀራል። ልዩነቱ 2.6 ኪሎ ዋት፣ ማለትም ዳገቱ ብቻውን ከሚጠይቀው ሲሶ ያህል ነው። በካታሎግ ላይ ጥቂት የሚመስለው ለውጥ በመንገድ ላይ ማርሽ የሚያስወርድ ጉድለት የሚሆነው እንዲህ ነው።

በእርግጥ ጋላቢው አንድ ወይም ሁለት ማርሽ ወርዶ ዙሩን ከፍ ቢያደርግ ካምሻፍት ሐ የነፈገውን መልሶ ሊሰጠው፣ ከ4,000 ዙር በላይ ደግሞ ከሀ ሊበልጥ ይችላል። ብቻውን ለሚጋልብ፣ ዙር መጨመር ለሚወድና ማርሽ መለዋወጥ ለማይሰለቸው ሰው ይህ ጉድለት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከሞተሩ ሳይሆን ከጋላቢው ልማድ ነው።

6. የቦታ ከፍታና ነዳጅ

የረጅም ጉዞ ሞተር ብስክሌት በአንድ ቦታ የሚኖር ማሽን አይደለም። በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት የሚጋልብ ሰው ከዴንቨር ተነስቶ የሎቭላንድ መተላለፊያን ቢያቋርጥ ከ1,600 ሜትር ወደ 3,655 ሜትር ይወጣል። በመደበኛ ከባቢ አየር ስሌት መሠረት የአየሩ ግፊት በዴንቨር ከፍታ ከባሕር ወለሉ 82 በመቶ፣ በመተላለፊያው ላይ ደግሞ 64 በመቶ ያህል ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ በሁለቱ መካከል የሚውል ሲሆን ግፊቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሲሊንደሩ የሚይዘው አየር በዚህ መጠን ሲሳሳ፣ ዘግይቶ በሚዘጋ ቫልቭ የሚመለሰው አየር ጉድለቱን ያባብሰዋል። ነዋሪነቱ ደጋ የሆነ ጋላቢ ቀድሞ የሚዘጋ ካምሻፍት ቢመርጥ የሚጠቀመው በዚህ ምክንያት ነው።

በአንጻሩ የሳሳው አየር የማንኳኳት አደጋን ይቀንሳል። በኮሎራዶ 85 ኦክቴን ቤንዚን መደበኛ ሆኖ የሚሸጠው ከዚሁ የተነሳ ነው። ነገር ግን ለደጋ ብቻ የተሰላ ሞተር በበጋ ወደ ካንሳስ ሜዳ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። በተራራው ላይ ዝም ያለው ሞተር በሜዳው ላይ ሊያንኳኳ ይችላል። በኤሌክትሮኒክ መርጫ የሚሠሩት ትዊን ካሞች በሻማው በኩል የሚያልፈውን የአዮን ጅረት በማንበብ ማንኳኳትን ያውቃሉ፤ ሲያውቁም የማቀጣጠያውን ጊዜ ወደ ኋላ ይስባሉ። ይህ ሞተሩን ያድናል፤ የተገዛውን ጉልበት ግን በጸጥታ ይወስዳል። ስለዚህ የማመቅ ምጥጥን የሚሰላው በጉዞው ውስጥ ለሚያጋጥመው እጅግ ሞቃትና ዝቅተኛ ቦታ፣ እንዲሁም በመንገድ ላይ በእርግጥ ለሚገኘው ቤንዚን ነው።

7. ከካምሻፍቱ ጋር የሚመረመሩ ክፍሎች

ከፍ ያለ የቫልቭ መክፈቻ ብዙ አየር ያሳልፋል፤ ሆኖም ሦስት ነገሮችን ይነካል። የመጀመሪያው የቫልቭ ስፕሪንጉ ነው። ቫልቩ ከተፈቀደው በላይ ሲከፈት የስፕሪንጉ ጥቅልሎች ተነካክተው መጨመቂያ ያጣሉ፤ ያን ጊዜ የሚሰበረው ወይም የሚጣመመው ሌላው ክፍል ነው። ሁለተኛው በመደራረብ ጊዜ በቫልቩና በፒስተኑ፣ እንዲሁም በሁለቱ ቫልቮች መካከል የሚቀረው ርቀት ነው። ምጥጥኑን ለመጨመር ቴስታታው ተልጎ ወይም ፒስተኑ ተለውጦ ከሆነ ርቀቱ በልኬት መረጋገጥ አለበት። በፒስተኑ ራስ ላይ ለስላሳ ጭቃ አድርጎ ሞተሩን በእጅ በማዞር የታተመውን ውፍረት መለካት የቆየና አስተማማኝ ዘዴ ነው። ሦስተኛው የመግፊያ ዘንጉ ርዝመት ነው። የአዲሱ ጉብታ መነሻ ክብ ካነሰ ዘንጉ መርዘም አለበት፤ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ መግዛት ደግሞ የላይኛውን የሮከር ቤት ሳይፈቱ ለመሥራት ያስችላል።

ከ1999 እስከ 2006 በተሠሩት የረጅም ጉዞ ሞዴሎች ላይ አንድ ሌላ ጉዳይ ከምርጫው ሁሉ ይቀድማል። በእነዚህ ሞተሮች ሁለቱን ካምሻፍቶች የሚያዞሩትን ሰንሰለቶች የሚያጠብቀው በስፕሪንግ የሚገፋ የፕላስቲክ ጫማ ነው። ጫማው በጊዜ ብዛት ይበላል፤ ፍርፋሪው ወደ ዘይት መተላለፊያ ከገባ የዘይት ፓምፑን ሊጎዳ፣ ፕላስቲኩ ካለቀ ደግሞ ሰንሰለቱ ብረት ከብረት ሊፋተግ ይችላል። ከ2007 ጀምሮ በሃይድሮሊክ ማጥበቂያ ተተክቷል። አሮጌ ሞተር ያለው ሰው ስለ ጉልበት ከማሰቡ በፊት ይህን ክፍል ከፍቶ ማየት አለበት፤ ማጥበቂያውንና ካምሻፍቱን በአንድ ሥራ መለወጥም ወጪ ይቆጥባል።

ሰንሰለቱን አስወግዶ በጥርስ የሚያዞር መሣሪያ መግጠምም ይቻላል። ይህ ግን የክራንክሻፍቱ ጫፍ ሲዞር የሚያሳየው መወላገድ እጅግ አነስተኛ እንዲሆን ይፈልጋል። የትዊን ካም ክራንክሻፍት ከተለያዩ ክፍሎች ተገጣጥሞ የሚታመቅ ስለሆነ፣ መወላገዱ ሳይለካ የጥርስ መሣሪያ ማዘዝ አይገባም። በተጨማሪም የካምሻፍቱ የውስጥ ኩሽኔታዎች ክፍሉ በተከፈተበት ጊዜ ቢለወጡ ይመረጣል። በመግጠም ጊዜ የሁለቱ ካምሻፍቶች ምልክቶች መገጣጠማቸው መረጋገጥ አለበት። ታፔቶቹ የያዙትን ዘይት እስኪለቁ ሳይጠብቁ ክራንክሻፍቱን ማዞር ደግሞ ዘንግ ወይም ቫልቭ ያጎብጣል፤ እዚህ ላይ ትዕግሥት ገንዘብ ነው።

8. ቅኝትና ሕግ

በነዳጅ መርጫ የሚሠራው ሞተር ኮምፒዩተር የሚገባውን አየር በቀጥታ አይመዝንም። ከመሳቢያው ቧንቧ ግፊት፣ ከዙሩና ከሙቀቱ ተነስቶ በውስጡ በተቀመጠ ሠንጠረዥ ያሰላል። ይህ ሠንጠረዥ የተጻፈው ለመጀመሪያው ካምሻፍት ነው። አዲሱ ካምሻፍት ሰፊ መደራረብ ካለው፣ ጋዝ ሳይሰጥ በቦታው ሲሠራ የተቃጠለው ጋዝ ወደ መሳቢያው ይመለሳል፣ የቧንቧው ግፊት ይናወጣል፣ ስሌቱም ይሳሳታል። ውጤቱ የሚንተባተብ ሞተር፣ ያልተስተካከለ የነዳጅ ድርሻና ተጨማሪ ሙቀት ነው። ስለዚህ የቅኝት ወጪ በካምሻፍቱ ዋጋ ውስጥ ተደምሮ መታሰብ አለበት። የማርሚታው ዓይነትም እንዲሁ ነው፤ ሰፊ መደራረብና ግልጽ ማርሚታ በዝቅተኛ ዙር አብረው ብዙም አይስማሙም።

በአሜሪካ ሕግም ይገባበታል። የፌዴራሉ የንጹሕ አየር ሕግ የተረጋገጠ የልቀት መቆጣጠሪያን ማሰናከል ይከለክላል። በካሊፎርኒያ ደግሞ ልቀትን ሊነካ የሚችል ተተኪ ዕቃ ከግዛቱ የአየር ሀብት ቦርድ የፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። በ2016 ሃርሊ ዴቪድሰን ራሱ ልቀትን ከተፈቀደው በላይ ያሳድጋሉ በተባሉ የቅኝት መሣሪያዎች ምክንያት ከአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ጋር በ12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት መስማማቱ ጉዳዩ የስም ብቻ አለመሆኑን ያስረዳል። ገዢው የሚያዘው ካምሻፍት በሚኖርበት ግዛት ለመንገድ የተፈቀደ መሆኑን ሻጩን በጽሑፍ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

9. የምርጫ ቅደም ተከተል

ከላይ ከተተነተነው በመነሳት የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመከራል።

አንደኛ፣ ጋላቢው በተለመደ ጉዞው የሚጠቀምበትን የዙር ክልል፣ የሚጭነውን ክብደትና የሚጓዝበትን የቦታ ከፍታ ይመዝግብ። ለአንድ ሳምንት የዙር መቁጠሪያውን ማስተዋል ብዙ ግምትን ያስወግዳል።

ሁለተኛ፣ የሞተሩ ጤና ይፈተሽ። የሲሊንደሮቹ የማመቅ ግፊት ሳይለካ፣ የአየር ፍንጣቂና የማጥበቂያው ሁኔታ ሳይታይ የሚገዛ ካምሻፍት በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደመግዛት ነው።

ሦስተኛ፣ የወረቀቱ የማመቅ ምጥጥን ይታወቅ፤ ከዚያም በመዝጊያው ማዕዘን ውጤታማው ምጥጥን ይሰላ። ምጥጥኑ ካልተነካ ሞተር ጋር ለከባድ ጭነት የሚስማማው ቀድሞ የሚዘጋው ነው።

አራተኛ፣ በመዝጊያ ማዕዘናቸው ተስማሚ ሆነው ከተገኙት መካከል ከፍታቸው ነባሮቹ ስፕሪንጎች የሚችሉት፣ መደራረባቸውም መጠነኛ የሆነው ይመረጥ።

አምስተኛ፣ ሻጩ የጉልበት ግራፍ ሲያቀርብ ጫፉን ሳይሆን ከ2,000 እስከ 3,500 ያለውን ክፍል ማየት ይገባል። ግራፉ ከ3,000 በታች ካልጀመረ፣ የረጅም ጉዞ ጋላቢ የሚኖርበት ክልል በግራፉ ላይ የለም ማለት ነው። ግራፉ የተወሰደበት ሞተር ምጥጥን፣ ማርሚታና የአየር ማጣሪያም ከገዢው ሞተር ጋር መመሳሰሉ ይጠየቅ።

ስድስተኛ፣ ኩሽኔታ፣ ጋስኬት፣ ዘንግና ቅኝት ተደምሮ ሙሉው ወጪ ይታወቅ። ድምሩ ከታየ በኋላ ለውጡ አስፈላጊ ሆኖ ላይገኝ ይችላል። ጤነኛ የሆነውን ነባር ካምሻፍት አለመንካትም ከምርጫዎቹ አንዱ ነው።

10. መደምደሚያ

ካምሻፍት አዲስ ጉልበት አይፈጥርም፤ ያለውን ትንፋሽ በየትኛው የዙር ክልል እንደሚውል ይደለድላል። በማሳያው ሞተር ላይ የመዝጊያው ማዕዘን በ20 ዲግሪ መዘግየቱ ውጤታማውን የማመቅ ምጥጥን ከ9.2 ወደ 8.4 እንዳወረደ ታይቷል። ይህ ጉድለት የሚሰማው ከፍተኛው የፈረስ ጉልበት በሚለካበት ዙር ላይ ሳይሆን፣ የረጅም ጉዞ ጋላቢ ዕለት ዕለት በሚውልበት ዝቅተኛና መካከለኛ ዙር ላይ ነው። በመሆኑም ገዢው በካታሎጉ ላይ መጀመሪያ ሊፈልገው የሚገባው የመሳቢያው ቫልቭ የሚዘጋበትን ዲግሪ፣ ቀጥሎም ያ ዲግሪ የሚጠይቀውን የማመቅ ምጥጥን ነው። ከፍታው፣ ድምፁና የግራፉ ጫፍ ከእነዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው። በዚህ ቅደም ተከተል የተመረጠ ካምሻፍት በወሬ ላይ ብዙ ላያስወራ ይችላል፤ ነገር ግን ጭነት በጫነ ቀንና በዳገት ላይ፣ ጋዝ ሲሰጠው የሚታዘዘው እርሱ ነው።